የሎንግስፔ እናት ማን ነበረች?
(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

የሰው ማንነት ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንደኛው ትውልዱ ነው። በአገራችን አንድ ሰው የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም እየጠራ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ትውልዱን ይቈጥራል፤ ይህንንም የሚያደርገው ለጋብቻ፣ ለርስትና ለዝምድና ስለሚያስፈልገው ነው። በመካከለኛው ዘመን በነበሩት በእንግሊዝ መሳፍንትና መኳንንት ዘንድም ነገሩ ከዚህ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ርስትና ማዕርግ፣ ጋብቻና ወዳጅነት፣ ጠብና ዕርቅ፣ ይህ ሁሉ በትውልድ ሚዛን ይመዘን ነበር። ስለዚህ የአንድ ታላቅ መኰንን አባት ወይም እናት ሳይታወቅ ሲቀር የሚጠፋው የአንድ ሰው ስም ብቻ አይደለም፤ የብዙ ነገር ምክንያት አብሮት ይጠፋል።

በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው የሳልዝበሪ ኤርል የነበረውን የዊልያም ሎንግስፔን ጉዳይ ነው። የዚህ ሰው አባት ማን እንደ ሆነ አከራካሪ አይደለም። እናቱን ግን ሰዎች ለብዙ ዘመን በስሕተት በሌላ ሴት ስም ሲጠሯት ኖረዋል፤ እውነተኛይቱ እናት በሊቃውንት ዘንድ በግልጽ የታወቀችው እርሱ ከሞተ 750 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ፣ ተመራማሪዎቹም በምን መንገድ ሄደው ከእውነቱ እንደ ደረሱ በተራ እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

የዊልያም አባት ከ1154 እስከ 1189 ዓ.ም. እንግሊዝን የገዛው ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ነው። ሄንሪ ከእንግሊዝ ሌላ ኖርማንዲንና አንዡን የያዘ ንጉሥ ነበር፤ በ1152 ዓ.ም. የአኪቴንን ወራሽ ኤሊኖርን በማግባቱም ግዛቱ ከስኮትላንድ ወሰን ጀምሮ እስከ ፒሬኔ ተራሮች ድረስ ተዘረጋ። ኋላ በተራ የነገሡትን ሪቻርድንና ጆንን የወለደው ከዚህችው ንግሥት ነው። ዊልያም ግን ከሕግ ጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ነው። በጊዜው በነበረው ሕግ እንዲህ ያለው ልጅ የአባቱን ዙፋን ይቅርና አንድ ጋሻ መሬት እንኳ በውርስ መብት ሊጠይቅ አይችልም ነበር። ተስፋው ሁሉ የተመሠረተው በአባቱና በወንድሞቹ ቸርነት ላይ ነው።

ቸርነቱም አልቀረበትም። አባቱ በ1188 ዓ.ም. በሊንከንሻየር አውራጃ የሚገኘውን የአፕልቢን ርስት ሰጠው፤ በሚከተለው ዓመትም አባቱ ሞተ። በ1196 ዓ.ም. የሳልዝበሪ ኤርል ወንድ ልጅ ሳይተካ ሲሞት፣ ንጉሥ ሪቻርድ የሟቹን ብቸኛ ወራሽ ኤላን ለወንድሙ ለዊልያም ዳረለት። ሙሽራይቱ በዚያን ጊዜ ገና ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ነበረች። ኤርል ማለት በዚያን ዘመን ከንጉሡና ከቤተሰቡ ቀጥሎ የነበረ የታላቅ መኰንን ማዕርግ ሲሆን፣ የኤርል ሚስት ወይም ማዕርጉን በራሷ መብት የወረሰች ሴት ካውንቴስ ትባላለች። ይህ ቃል ወደ ፊት ስለሚያስፈልገን አድማጮቻችን በልባቸው እንዲይዙት እንለምናለን። ዊልያም እንግዲህ በሚስቱ ምክንያት የሳልዝበሪ ኤርል ተባለ።

ከዚህ በኋላ በጦር ሜዳም በምክርም በመንግሥቱ ውስጥ ስመ ጥሩ ሆነ። በ1213 ዓ.ም. በፍላንደርስ በዳም ወደብ የቆመውን የፈረንሳይ ንጉሥ የመርከብ ጦር ደመሰሰ። በሚከተለው ዓመት ጁላይ 27 ቀን ግን በቡቪን ጦርነት የቦቬ ጳጳስ ፊልጶስ በዱላ መትቶ ከፈረሱ ጣለውና ተማረከ። በ1220 ዓ.ም. ኤፕሪል 28 ቀን የአዲሱ የሳልዝበሪ ካቴድራል መሠረት ሲጣል እርሱና ሚስቱ ኤላ የመሠረት ድንጋይ ካኖሩት ሰዎች መካከል ነበሩ። በ1226 ዓ.ም. ማርች 7 ቀን ሞቶ በዚሁ ካቴድራል ተቀበረ፤ በዚያ ከተቀበሩት ሰዎችም የመጀመሪያው እርሱ ነው ይባላል። ኤላ ሌላ ባል ለማግባት እምቢ ብላ፣ የሌኮክን የመነኰሳይያት ገዳም መሥርታ በዚያው መነኰሰች፤ እመ ምኔትም ሆና በ1261 ዓ.ም. ዐረፈች።

ስለ አባቱ ክርክር የሌለበት ምክንያት ይህ ነው። ነገሥታቱ ሪቻርድና ጆን ወንድማችን ብለው ተቀብለውታል። በካቴድራሉ ውስጥ በመቃብሩ ላይ የተቀረጸው የድንጋይ ምስል በግራ ክንዱ ጋሻ ይዟል፤ በጋሻውም ላይ ስድስት አንበሶች ይታያሉ። ይህ ምልክት የዳግማዊ ሄንሪ አባት የነበረው የአንዡ መስፍን የጄፍሪ ምልክት ነው። በዚያን ዘመን የጋሻ ምልክት እንደ ማኅተም የሚቈጠር ስለ ነበር፣ የማይገባው ሰው የሌላውን ቤት ምልክት ሊይዝ አይደፍርም። ሎንግስፔ የተባለው ቅጽል ስሙም ረዥም ሰይፍ ማለት ሲሆን፣ በ10ኛው መቶ ዓመት የኖርማንዲ ገዥ የነበረው ቅድመ አያቱ ዊልያም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። እንግዲህ ጋሻውም ስሙም የአባቱን ወገን ይመሰክራሉ። ስለ እናቱ ግን ጋሻውም ስሙም ዝም ይላሉ። ልጅ በአባቱ ስም በሚጠራበት አገር ሁሉ የእናት ስም ቀድሞ እንደሚረሳ እኛም የምናውቀው ነገር ነው።

ይህን ባዶ ቦታ የሞላው ተረት ነው። በኋላ ዘመን የተነሡ ጸሐፊዎች የዊልያም እናት ሮዛመንድ ክሊፈርድ ናት ብለው ጻፉ፤ ሌሎችም ያንኑ እየተቀበሉ በታሪክና በሕይወት ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ደገሙት። ሮዛመንድ በእውነት የኖረች ሴት ናት። ዋልተር ክሊፈርድ የተባለ መኰንን ልጅ ስትሆን፣ ንጉሥ ሄንሪ ይወዳት እንደ ነበር የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። በ1176 ዓ.ም. ገደማ ሞታ በኦክስፎርድ አጠገብ በሚገኘው በጎድስቶ የመነኰሳይያት ገዳም ተቀበረች። በ1191 ዓ.ም. የሊንከን ጳጳስ ሂዩ ገዳሙን ሲጐበኝ፣ በመቅደሱ ፊት በሐር ልብስ የተሸፈነና መብራት የተደረደረበት መቃብር አየ። የማን እንደ ሆነ ጠይቆ የሮዛመንድ ነው ሲሉት ተቈጣ፤ ዐፅሟም ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ በውጭ እንዲቀበር አዘዘ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ነው፤ ከዚህ ያለፈው ተረት ነው። ተረቱ እንደሚለው ንጉሡ ሮዛመንድን ከሚስቱ ዐይን ለመሰወር በውድስቶክ መንገዱ የተወሳሰበ፣ የገባበት ሰው መውጫውን የማያገኝበት ቤት አሠራላት። ንግሥት ኤሊኖርም የክር ጫፍ አግኝታ፣ ክሩን እየተከተለች ከሮዛመንድ ዘንድ ደረሰችና ጩቤና የመርዝ ጽዋ አቅርባ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ አለቻት። ይህ ነገር ለሰሚ ጆሮ የሚጥም ስለ ሆነ ዘፋኞችና ደራሲዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲቀባበሉት ኖሩ። ነገር ግን ቀኑን በቀን ብንቈጥረው አይሆንም። ንግሥት ኤሊኖር ልጆቿ በ1173 ዓ.ም. በአባታቸው ላይ ባመፁ ጊዜ ከልጆቿ ወገን በመቆሟ ተይዛ፣ ንጉሡ እስከ ሞተበት እስከ 1189 ዓ.ም. ድረስ በግዞት ቆይታለች። ሮዛመንድ በሞተችበት ጊዜ ንግሥቲቱ እስረኛ ስለ ነበረች፣ ክር እየተከተሉ ወደ ውድስቶክ መሄድ የሚሆን ነገር አልነበረም።

ዝነኛ ስም እንደ ማግኔት ነው፤ በዙሪያው የተበተነውን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል። ሰዎች ከንጉሡ ወዳጆች የአንዲቱን ስም ብቻ ስለሚያውቁ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱለትን ልጆች ሁሉ ለእርሷ ሰጧት። ለዚህም ጥሩ ምሳሌ አለን። ኋላ የዮርክ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ሌላው የንጉሡ ልጅ ጄፍሪም የሮዛመንድ ልጅ ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር። ዳሩ ግን ጄፍሪ የተወለደው ሄንሪ ገና ሳይነግሥ፣ በ1151 ወይም በ1152 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የንጉሡና የሮዛመንድ ነገር በአደባባይ የተሰማው ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ከዚህም በላይ የቤተ መንግሥት ሰው የነበረው ዋልተር ማፕ የጄፍሪ እናት ኢኬናይ የምትባል ሴት መሆኗን ጽፏል። በዊልያም ላይም የደረሰው ይኸው ነው። በእርሱ ዘመን ከተጻፉት ሰነዶች ውስጥ ሮዛመንድ እናቱ ናት የሚል አንድም የለም። አንድ አባባል ብዙ ጊዜ ስለ ተደገመ እውነት አይሆንም፤ መቶ መጻሕፍት ከአንድ ምንጭ ቢቀዱ ምስክሩ አንድ ብቻ ነው፤ ያም ምንጭ የደፈረሰ ከሆነ መቶውም የደፈረሱ ናቸው።

እውነቱ የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ በአንድ ገዳም የርስት መዝገብ ውስጥ ነው። በዊልትሻየር አውራጃ ብራደንስቶክ የሚባል ገዳም ነበር፤ ይህንንም ገዳም በ1142 ዓ.ም. የመሠረተው የኤላ ቅድመ አያት ዋልተር ነው። የሳልዝበሪ ኤርሎች ለዚህ ገዳም መሬትና ገቢ ይሰጡ ነበር። በእንግሊዝ አገር አንድ ባለርስት ለቤተ ክርስቲያን መሬት ሲሰጥ የስጦታ ደብዳቤ አጽፎ፣ ምስክሮች ቈጥሮ፣ በማኅተሙ ያትም ነበር። በደብዳቤውም ውስጥ ስጦታው ለማን ነፍስ መዳን እንደ ተደረገ በመዘርዘር የአባቱን፣ የእናቱን፣ የሚስቱንና የልጆቹን ስም ማንሣት የተለመደ ነው። መነኰሳቱ ደግሞ ደብዳቤዎቹ በእሳት ወይም በእርጥበት እንዳይጠፉባቸው፣ ሁሉንም በአንድ መጽሐፍ ላይ ይገለብጧቸው ነበር።

የብራደንስቶክ መዝገብ ቬራ ለንደን በተባሉ ሊቅ ተዘጋጅቶ በ1979 ዓ.ም. በዊልትሻየር የታሪክ ሰነዶች ማኅበር ታተመ። በዚህም መዝገብ ውስጥ ኤርል ዊልያም ራሱ በላቲን ቋንቋ «ኮሚቲሳ ኢዳ ማቴር ሜያ» ይላል፤ ትርጓሜውም «እናቴ ካውንቴስ ኢዳ» ማለት ነው። ይህም ቃል የሚገኘው በአንድ ደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ በሌላም ተደግሟል። ምስክሩ ልጁ ራሱ ነው። መዝገቡን የገለበጡት መነኰሳትም የተጨነቁት ስለ መሬታቸው እንጂ ስለ ዊልያም ትውልድ አልነበረም፤ ስለዚህ አንዲቱን ሴት አንሥተው ሌላይቱን ለመጣል ምንም ምክንያት የላቸውም። ለታሪክ ተመራማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር እንዲህ ያለው ነው፤ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲናገር ሳያስበው እውነቱን የሚነግረን ምስክር።

ቢሆንም ጠንቃቃ ሰው እዚህ ላይ አያቆምም። እናት የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ለዐማት ወይም ለእንጀራ እናትም ይነገራል፤ ስለዚህ ይህን መመርመር ያስፈልጋል። የዊልያም ዐማት፣ ማለት የኤላ እናት፣ ከብሪታኒ የቪትሬ ቤት የተወለደችው ኤሊኖር ናት እንጂ ኢዳ አይደለችም። የአባቱ የሕግ ሚስት ደግሞ ንግሥት ኤሊኖር ናት፤ እርሷም ኢዳ አይደለችም። እንግዲህ ኢዳ የዊልያም ወላጅ እናት ከመሆን በቀር ሌላ መንገድ አይገኝላትም። ሮዛመንድም በ1176 ዓ.ም. ገደማ የሞተች፣ ከቶ ካውንቴስ ያልሆነች፣ ስሟም ኢዳ ያልነበረ ስለ ሆነች ከዚህ ክርክር ትወጣለች።

አሁን የሚቀረው ጥያቄ ካውንቴስ ኢዳ የተባለችው ማን ናት የሚለው ነው። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ኢዳ የሚለው ስም ብዙ አይገኝም። ይሁን እንጂ የኖርፎክ ኤርል የሮጀር ቢጎድ ሚስት ኢዳ ትባል ነበር፤ ባሏም በ1189 ዓ.ም. ኤርል ስለ ተባለ ካውንቴስ የሚለው ማዕርግ ይገባታል። የስም መመሳሰል ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ ሰዎች አሉና። ጥርጣሬውን የሚያስወግድልን ሁለተኛ ምስክር ከባሕር ማዶ ይመጣል።

ከቡቪን ጦርነት በኋላ የፈረንሳይ ንጉሥ ጸሐፊዎች የተማረኩትን መኳንንት ስም በዝርዝር ጻፉ። ከዝርዝሩም ውስጥ ራልፍ ቢጎድ የተባለ ወታደር አለ፤ ከስሙም አጠገብ የሳልዝበሪ ኤርል ወንድም መሆኑ ተመልክቷል። የእናቱን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ይህ እንቈቅልሽ ነው። የኖርፎኩ የሮጀር ቢጎድ ልጅ የንጉሥ ሄንሪ ልጅ ወንድም እንዴት ይሆናል? አባታቸው አንድ አለመሆኑ የታወቀ ነው። የሚስት እኅት ባል ስለ ሆነ ወንድም ተብሏል እንዳይባል፣ ኤላ ብቸኛ ወራሽ ነበረች፤ እኅት ቢኖራት ኖሮ ርስቱ ለሁለት በተከፈለ ነበር። እንግዲህ ሁለቱን ሰዎች ወንድማማች ሊያደርጋቸው የሚችለው የእናት አንድነት ነው። የራልፍ እናት ኢዳ ናት፤ ዊልያምም እናቴ ካውንቴስ ኢዳ ናት ይላል። አንዱ ምስክር በእንግሊዝ ገዳም ስለ መሬት የተጻፈ፣ ሌላው በፈረንሳይ ስለ ምርኮኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፣ ቃላቸው ግን አንድ ነው። ነገር በሁለት ምስክር ይጸናል ማለት እንዲህ ያለውን ነው።

ኢዳ ወደ ሮጀር ቢጎድ ቤት የገባችበት መንገድም ከዚህ ጋር ይስማማል። የሮጀር አባት ሂዩ ቢጎድ በ1173 ዓ.ም. በንጉሥ ሄንሪ ላይ ካመፁት መኳንንት አንዱ ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ ንጉሡ የኤርልነቱን ማዕርግ ለልጁ አልሰጠም፤ ከርስቱም ከፊሉን ይዞ ቆየ። በ1181 ዓ.ም. ገደማ ግን ንጉሡ በሞግዚትነቱ ሥር የነበረችውን ኢዳን ለሮጀር ዳረለት፤ ከእርሷም ጋር በኖርፎክ የሚገኙትን አክልን፣ ሃልቨርጌትንና ደቡብ ዎልሻምን ሰጠው። እነዚህ ሦስት ርስቶች ቀድሞም የቢጎድ ቤት ርስቶች ነበሩ። ንጉሡ የወሰደውን በሙሽራይቱ እጅ መለሰ ማለት ነው። ዊልያም የተወለደው ከዚህ ጋብቻ በፊት ነው።

በንጉሥ ሞግዚትነት ሥር መሆን ምን እንደ ነበረ ማስረዳት ይገባል። በፊውዳል ሕግ አንድ ባለርስት ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ትቶ ሲሞት፣ መሬቱን ከንጉሡ በቀጥታ የያዘ ከሆነ ልጆቹም መሬቱም በንጉሡ ጥበቃ ሥር ይሆናሉ። የመሬቱ ገቢ ለንጉሡ ይገባል፤ ልጆቹንም ለወደደው ይድራል፤ ይህንንም መብት ለሌላ ሰው በገንዘብ ሊሸጠው ይችላል። የንጉሡ ሹማምንት በ1185 ዓ.ም. እንዲህ በንጉሡ እጅ ያሉትን ባልቴቶችና ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከዕድሜያቸውና ከመሬታቸው ግምት ጋር በመዝገብ እንዲያሰፍሩ ታዘው ነበር፤ ከዚያም መዝገብ የተረፈው ክፍል እስከ ዛሬ አለ። አንዲት ልጃገረድ በዚያ መዝገብ ውስጥ የምትቈጠረው ከላሞችና ከማረሻ በሬዎች ጋር ነው። ስለዚህ የኢዳን ነገር እንደ ሮዛመንድ ተረት የፍቅር ታሪክ አድርጎ መናገር ያስቸግራል። ጠባቂዋ ንጉሡ ነበረ፤ ልጅ የወለደችለትም ለዚሁ ጠባቂዋ ነው፤ ኋላም የዳራት እርሱ ነው። እምቢ ብትል የምትከሰስበት እንጂ የምትከስበት ዳኛ አልነበራትም።

የኢዳ ወላጆች እነማን ነበሩ የሚለውን ጥያቄ ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው ለመመለስ ሞክረዋል። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ የትውልድ ምርምር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናትም ኢዳን ከቶስኒ ቤት ያስቈጥራታል። የቶስኒ ቤት ከኖርማንዲ የመጣ ታላቅ ቤት ነው። ራልፍ ዘቶስኒ በ1162 ዓ.ም. ሞቷል፤ ሚስቱም የሌስተር ኤርል ልጅ ማርጋሬት ናት። የራልፍ እናት ከሄኖ አገር የመጣች ኢዳ የምትባል ሴት ስለ ሆነች፣ በእንግሊዝ ብዙ የማይገኘው ይህ ስም ወደ ቶስኒ ቤት የገባው በእርሷ ነው። የልጅ ልጇም በአያቷ ስም ተጠራች ማለት ነው፤ ዊልያም ራሱም አንዲቱን ሴት ልጁን ኢዳ ብሏታል። እዚህ ላይ ግን የማስረጃውን ክብደት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ኢዳ የዊልያም እናት መሆኗ በልጁ ቃል የተጻፈ ነው፤ ከቶስኒ ቤት መወለዷ ግን ስምን ከስም፣ ዘመንን ከዘመን በማመዛዘን የተደረሰበት ነው። ሁለቱም ተቀባይነት አግኝተዋል፤ መሠረታቸው ግን እኩል አይደለም።

ምናልባት ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የአንዲት ሴት ስም ቢታወቅ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። ጥቅሙ ቀላል አይደለም። በ1215 ዓ.ም. የእንግሊዝ መኳንንት ንጉሥ ጆንን አስገድደው ማግና ካርታ የተባለውን የመብት ሰነድ እንዲቀበል አደረጉት። ሰነዱ እንዲጠበቅ ከተመረጡት ሃያ አምስት መኳንንት መካከል የኖርፎኩ ሮጀር ቢጎድና የበኵር ልጁ ሂዩ ይገኛሉ። በሰነዱ መግቢያ ላይ ደግሞ የንጉሡ አማካሪዎች ስም ሲዘረዘር የሳልዝበሪ ኤርል ዊልያም ተጠቅሷል። ቀድሞ ይህን ያነበበ ሰው የሚያየው ሁለት ተቃራኒ ወገኖችን ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ከአንዲት እናት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ለአባቱ ልጅ ለንጉሡ፣ ሌላው ከአባቱ ጋር ለመኳንንቱ ቆመው እናያለን። ዊልያም ራሱ በ1216 ዓ.ም. ንጉሥ ጆንን ትቶ ከፈረንሳዩ ልዑል ከሉዊ ወገን ገብቶ ነበር፤ ጆን ከሞተ በኋላ በ1217 ዓ.ም. ወደ ሕፃኑ ንጉሥ ወደ ሣልሳዊ ሄንሪ ተመለሰ። ይህን ያደረገው በእናቱ ልጆች ምክንያት ነው ለማለት ማስረጃ የለም፤ ነገር ግን የዚያን ጊዜው ጦርነት ቤትን ከቤት ብቻ ሳይሆን ወንድምን ከወንድም እንዴት እንደ ለየ ይበልጥ ግልጽ ይሆንልናል።

ሁለተኛም ጥቅም አለ። ራልፍ ቢጎድ በቡቪን ሜዳ ከዊልያም ጋር አብሮ ተሰልፎ አብሮ ተማርኳል። ይህም ዝምድናው በጊዜው የታወቀና የተከበረ እንደ ነበረ ያሳያል። ዊልያምም እናቱን አላፈረባትም፤ በማኅተሙ በጸና ደብዳቤ፣ በምስክሮች ፊት፣ ስሟን ከነማዕርጓ ጠርቷል። የደበቀው ነገር አልነበረም። የረሱት በኋላ የመጡት ናቸው፤ ደብዳቤው በገዳሙ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እነርሱ ተረቱን ያዳምጡ ነበር። በዚህም ምክንያት ሁለት ሴቶች ተበድለዋል፤ ሮዛመንድ ያልወለደችው ልጅ ተሰጣት፣ ኢዳ ደግሞ የወለደችው ልጅ ተነጠቀባት።

ስለ ዊልያም ሞት የሚነገረውም ነገር ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሮጀር ዘዌንዶቨር የተባለው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ፣ ዊልያም የመንግሥቱ ታላቅ ሹም ከነበረው ከሂዩበርት ዘበርግ ቤት ተጋብዞ ከበላ በኋላ ታመመ፣ መርዝም ሳይሰጠው አልቀረም የሚል ወሬ ጽፏል። በ1791 ዓ.ም. መቃብሩ ሲከፈት በራስ ቅሉ ውስጥ የደረቀ የአይጥ ሬሳ ተገኘ፤ ኋላም በአይጧ አካል ውስጥ አርሴኒክ የተባለው መርዝ እንዳለ ተነገረ። አይጧ ዛሬም በሳልዝበሪ ሙዚየም ትታያለች። ይሁን እንጂ በአይጥ ሆድ የተገኘ መርዝ ማን ለማን እንደ ሰጠው አይናገርም። ስለ እናቱ ያለን ማስረጃ ሁለት ቀጥተኛ ምስክሮች አሉት፤ ስለ መርዙ ያለው ግን ወሬና ግምት ብቻ ነው። አንዱን እንደ ሌላው አድርጎ መቀበል አይገባም።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ጉዳይ የምንማረው ለእንግሊዝ ታሪክ ብቻ የሚሆን አይደለም። ትውልድን ወይም ማናቸውንም የቀድሞ ነገር የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ ወሬው የተነገረው መቼ ነው፣ ከድርጊቱስ ስንት ዓመት ይርቃል ብሎ ይጠይቅ። በሁለተኛው፣ ምስክሩ ስለዚያ ነገር ሊያውቅ የሚችል ነበረ ወይ፣ ለማዳላትስ ምክንያት ነበረው ወይ ብሎ ይመርምር። በሦስተኛው፣ ከተለያየ ቦታ የመጡ፣ አንዱ ከሌላው ያልቀዱ ምስክሮች መስማማታቸውን ይመልከት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተንቆ የተቀመጠውን፣ የመሬትና የግብር ጽሑፍ ብቻ የሚመስለውን አሮጌ መዝገብ አይናቅ። ማንም ያላነበበው የገዳም ደብዳቤ የዘፋኞችን ሁሉ ዜማ ሊያርም እንደሚችል ከዚህ አይተናል።

ኢዳ ምን እንደ ተሰማት የሚነግረን የእርሷ ቃል የተጻፈበት ወረቀት የለንም። የልጇ ቃል ግን አለን፤ እርሱም አጭርና ግልጽ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው በእርሷ ላይ ተፈጽሟል።